ተደፍታ የምታድረው ኩባያ

እማማ ቁልፍ ስም የላትም ማለት አይደለም። አላት፤ መታወቂያዋ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያ ስም ቢጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ ታያለች። በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ ስሟን ከበላው ቆይቷል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ያ አፉ በመርፌ ካልተሰፋ ዝም የማይል ሰውዬ፣ «እሷ የሞተች ለት ቁልፉን ነው የምንቀብረው፤ እሷ ተከትላ ትገባለች» ይላል። እሷም ትስቃለች። ቀልድ የሚገባት ሴት ናት።

ሰፈሩ ትንሽ ነው፤ ኮረብታ ሥር የተኮለኮሉ ቤቶች፣ በመካከላቸው ቁልቁል የሚወርድ አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ። የከተማው ውሃ እዚህ አይደርስም። ነዋሪው ራሱ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ፓምፑ ውሃውን ከዚያ ስቦ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ወደ ቆመው ታንከር ይገፋዋል። ከታንከሩ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ውሃው በዚያች ክፍል በኩል አልፎ፣ መንገዱን ተከትሎ ወደየቤቱ ይወርዳል። ማታ ዋናው መዝጊያ ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፈታል፤ አለዚያ ሲንጠባጠብ የሚያድር የሰው ሁሉ ቧንቧ ታንከሩን ባዶ ያደርገዋል። የእማማ ቁልፍ ሥራ ይኸው ነው፤ መዝጋትና መክፈት። ቀላል ይመስላል። የዘበኛም ሥራ ሌባ እስኪመጣ ቀላል ነው።

በመዝጋትና በመክፈት መካከል ግን ሌላ ነገር አለ። ጠዋት መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት ጠባቂዋ በታንከሩ በኩል ካለችው ትንሽ ቧንቧ አንድ ኩባያ ውሃ ቀድታ ትጠጣለች። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ታዳምጣለች። ሆዷ ዝም ካለ ወደ ደጅ ወጥታ «ውሃው ደህና ነው!» ብላ ትጣራና ትከፍታለች። ያ ድምፅ ሳይሰማ በሰፈሩ ቧንቧ የሚያዞር የለም። የውሃ ኮሚቴው ክሎሪን ያስጨምራል፣ በየጊዜውም ናሙና ወደ ምርመራ ይልካል፤ ሰዉ ግን የሚያምነው የሴትዮዋን ሆድ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እሱ የሞተችውን ልጅ አያውቃትም።

ልጅቷ የእማማ ቁልፍ አማት በኩር ነበረች። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፣ እማማ ቁልፍም ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ከመምጣቷ ብዙ ቀድሞ፣ አማቷ ከምንጭ የቀዳችውን ውሃ ለልጇ አጠጣቻት። ልጅቷ ታመመች፤ ሞተች። «ልጄን የገደላት ውሃ እንደ መስታወት የጠራ ነበር» ትል ነበር አማቷ ዕድሜዋን ሙሉ። «ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ቀድሜ ጠጥቼው ቢሆን እኔን ነበር የሚወስደኝ።» ጉድጓዱ ተቆፍሮ ታንከሩ የቆመ ዕለት ቁልፉን ማንም ሳይሰጣት ራሷ አነሳችው። የተከራከራት አልነበረም። ልጅ ከቀበረች እናት ጋር ማን አፍ ይካፈታል?

ፊቷ የማይፈታ፣ ምስጋና ከአፏ የማይወጣ ሴት ነበረች። ሙሽራይቱ በመጣች ሰሞን ጨነቃትና ባሏን «እናትህ ጠልተውኛል እንዴ?» ብላ ብትጠይቀው፣ «እናቴ ሰውንም እንደ ውሃ ነው፤ ሳትቀምስ አትውጥም» አላት። ቀመሰቻትና ዋጠቻት መሰለኝ፣ ከዓመታት በኋላ አሮጊቷ ምራቷን ወደዚያች ክፍል ይዛት ገባች። ሰማያዊ ቀለም የተቀባችውን፣ ከንፈሯ ላይ የተሸረፈችውን የብረት ኩባያ አሳየቻት። ማታ ታጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደርቃ፣ መደርደሪያው ላይ በአፏ ተደፍታ ማደር አለባት። «ተደፍታ ትደር፤ ሌሊት ምን እንደሚገባባት አይታወቅም» አለቻት።

አሮጊቷ የሞተችው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባ ነው። ምራቷን ወደ አልጋው ጠርታ እጇን ያዘቻት፤ እጇ ከውሃ የወጣ ይመስል ቀዝቅዟል። «እኔ ሳልቀምሰው ለሰው ውሃ እንዳትለቂ» አለቻት። ምራቷም ለታመመ ሰው እንደሚባለው «እሺ፣ እማማ» አለች። ልብ ብላ አልሰማችውም። ልብ ብላ የሰማችው ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ነው።

ያን ጠዋት በሩን ከፍታ ኩባያዋን አነሳቻት። ማታ በገዛ እጇ አድርቃ የደፋቻት ኩባያ ናት። ውጭዋ ደረቅ ነው። ውስጧ ግን እርጥብ ነው፤ ከንፈሯም ላይ፣ ከሽርፋቱ አጠገብ፣ አሁን ሰው ጠጥቶ እንዳስቀመጣት ሁሉ ረጥቧል። ሰው የገባ መሰላትና በማግስቱ ቁልፉን ለወጠችው። ኩባያዋ እርጥብ ሆና አደረች። መስኮቷን በሚስማር መታችው። እርጥብ ሆና አደረች። ሲብስባት ለባሏ ነገረችው። እሱም «እናቴ ቃሏን አታጥፍም» አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ያቺን ክፍል አልረገጣትም።

ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እማማ ቁልፍ እየቆየች፣ ኩባያዋን ስታነሳ «እንደምን አደሩ» ማለት ለመደች። ራሷ ስትጠጣ ከንፈሯን የምታሳርፈው በደረቁ በኩል ነበር፤ በዚያኛው በኩል ባለቤት አለው። ለሰፈሩ ትንፍሽ አላለችም። ለልጇ ብቻ፣ ያውም ልጅቷ ትንሽ ሳለች፣ ልታስፈራራት ይሁን ልታጽናናት ራሷም ሳታውቀው ነግራታለች። ልጅቷ ካደገች በኋላ እንደ ተረት ነበር የምታስታውሰው።

ያቺ ልጅ ዘንድሮ ወልዳ ለመታረስ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ጡቷ አልበቃ ስላለ ሕፃኑ ጡጦ ተጨመረለት፤ ዱቄት ወተቱ የሚበጠበጠው በሰፈሩ ውሃ ነው። እማማ ቁልፍ አያት ከሆነች ወዲህ ሆዷን የምታዳምጥበት ጊዜ ረዘም ብሏል። ልብስ ሰፊው «ምነው፣ ሆድሽ ዛሬ ስብከት ጀመረ?» እያለ ከደጅ ይጮህባት ነበር።

ጉዱ የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሩን ስትከፍት ክፍሏ ውስጥ የለመደችው አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። «እንደምን አደሩ» አለችና ኩባያዋን አነሳች። ደረቅ ናት። ጣቷን ውስጧ አዞረችው። ደረቅ። ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየቻት። ማታ እንዳስቀመጠቻት፣ ከጨርቋ የቀረች አንዲት ክር እንኳን ውስጧ ላይ ተለጥፋ አለች። እማማ ቁልፍ ከኋላዋ ሰው የቆመ መሰላትና ዞረች። ግድግዳው ብቻ ነው።

ቀድታ ጠጣች። ውሃው የወትሮው ውሃ ነው። ቁጭ አለች፤ ሆዷም ዝም አለ። ተነሥታ መዝጊያውን ያዘች። «እንደ መስታወት የጠራ ነበር» የሚለው የአሮጊቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። እጇን ከመዝጊያው አነሳችና ወደ ደጅ ወጣች። ሰዉ በየበራፉ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

«ዛሬ ውሃ የለም» አለች።

«እንዴ! እኔ ደግሞ በምኔ ነው ይኼን የማለቀልቀው?» አለ ልብስ ሰፊው።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ተጠርተው መጡ።

«ፓምፑ ተበላሸ?» አሏት።

«ኧረ ምንም አልሆነ፣ ጋሼ። ታንከሩም ሙሉ ነው።»

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት።»

«እና ምን አለው?»

«ምንም የለውም።»

«ምንም ከሌለው ለምንድን ነው የማትከፍቺው፣ እህቴ?»

ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው። ብትናገር እብድ ልትባል ነው፤ ባትናገር ክፉ ልትባል ነው። ክፉ መባሉን መረጠች።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። በሱቁ ያለው የታሸገ ውሃ ማልደው በደረሱት ተወስዶ አለቀ። መንገዱ ላይ ሰው ሁለት ሦስት እየሆነ ቆሞ ወደ ፓምፕ ቤቱ ያያል፤ ስታያቸው ወሬ ያቋርጣሉ። ከዓመታት በፊት ልጆቻቸውን ያጠጣችላቸው ሴቶች ሰላም ሳይሏት አለፉ። ይህ አንጀቷን በላው። እሷ ግን በሩ ላይ በርጩማዋን ደንቅራ፣ ቁልፉን በጡቶቿ መካከል ከትታ ተቀመጠች። ውስጥ፣ ከጀርባዋ፣ ክፍሏ ጭጭ ብላለች። ዞራ ለማየት ፈራች።

ረፋዱ ላይ ልጇ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«እማዬ፣ በፔርሙስ የነበረው አልቋል። ከትንሿ ቧንቧ ቅጂልኝና ላፍላው።»

«አይሆንም።»

«አንቺ ራስሽ ጠጥተሽዋል አይደል እንዴ?»

«እኔማ አሮጊት ነኝ። እኔን ቢወስደኝ ምን ይጎድላል?»

«ማነው የሚወስድሽ? ምን ሆነሻል?»

እናት የልጅ ልጇን አፍ አየች፤ ደርቆ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት። ልጇን በእጇ ስባ በጆሮዋ ነገረቻት፦ «አያትሽ ዛሬ አልቀደመችኝም። ኩባያዋ ደረቅ ናት።»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ለሞተ ሰው ብለሽ ነው ልጄን በጥም የምትገድዪው?» አለች። ወዲያው ቆጫት፤ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። መንገዱ ግን ሰምቷል። ልብስ ሰፊው እንኳን አልቀለደም።

ሰብሳቢው ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሯት። «እንዲህ እናድርግ። ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርቻለሁ። አንድ ነገር ካገኘ ጎሽ፣ ይስተካከላል። ምንም ካላገኘ ግን ቁልፉን ለኛ ሰጥተሽ አንቺ ትንሽ ታርፊያለሽ። የደከመ ሰው ማረፍ ነውር አይደለም።» ሰውዬው ክፉ አልተናገሩም። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት የተሸከመችው ሁሉ፣ የአማቷ አደራ፣ የራሷ ዕድሜ፣ ሕፃኑም ጭምር፣ በአንገቷ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ታያት። «እሺ» አለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ወጣት ነው፤ በሞተር ብስክሌት መጣ፣ የመሣሪያ ሻንጣውን አወረደ፣ ብዙ አላወራም። የሁሉም ቤት ቧንቧ ተዘግቶ እንዲቆይ አዘዘ። «ከታች፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦይ ዘንድ የመስመር ማጠቢያ ቧንቧ አለ፤ እሱን ብቻ እከፍታለሁ። መስመሩ ደህና ከሆነ ጥሩ ውሃ ይወጣል። እርስዎ መዝጊያውን ትንሽ ብቻ ይክፈቱልኝ፣ እማማ» አላት። እጇን ዘረጋች። መዝጊያው እንደ ወትሮው አልከበዳትም፤ ወዲያው ዞረ፤ ውሃውም ወደ ባዶ ነገር የሚወድቅ ይመስል ረዥም ጊዜ ሲንደረደር ሰማችው። ከዚያ ከሰዉ ኋላ ቁልቁል ወረደች።

ስትደርስ ሁሉም የማጠቢያውን ቧንቧ ከበው ቆመዋል። ውሃ የለም። ቧንቧው ይተነፍሳል፤ በረዥሙ፣ እንደታመመ ሰው፣ ያቋርጥና እንደገና ይቀጥላል። ሴቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዱ «ዝጉት እባካችሁ» አለ። ከዚያ ትንፋሹ ቆመና ጥቁር ነገር ተፋ። ሽታው ከዓይን ውሃ የሚያስወጣ ነበር። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ሲቀጥን አንድ ቀጭን ነገር ከቧንቧው አፍ ብቅ ብሎ ተወዛወዘ፤ ሠራተኛው በጓንቱ ሳበው። ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ነው፣ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ።

ልብስ ሰፊው ጨርቁን አየው። ፊቱ ላይ ገና ያልለቀቀው ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «የኔ ነው» አለ። «ቁርጥራጩን መጸዳጃ ጉድጓዴ ውስጥ ነው የምጥለው።»

እማማ ቁልፍ ልጇን ፈለገቻት፤ ልጇ የሕፃኑን አፍ በመዳፏ ሸፍና ቆማ ነበር።

ቧንቧው የተሰበረው ልክ ከልብስ ሰፊው ጉድጓድ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ መሬቱ ሰጥሞ አጥፎታል። ሠራተኛው ቆፍሮ ሲያሳያቸው አስረዳቸው። ማታ መዝጊያው ሲዘጋ መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ በስብራቱ ይፈስሳል፤ ባዶው ቧንቧ ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ፍሳሽ ይስባል። ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ ወደየቤቱ የሚደርሰው ያ ነው። ጠባቂዋ የምትቀምሰው ግን ከታንከሩ በኩል ስለሆነ ሁልጊዜም ንጹሕ ነው። «ቀምሰው ሊያውቁት አይችሉም ነበር» አላት። «እንዴት አወቁ?»

ከቦ የቆመው ሰው ልጁን እያየ ነበር፤ መልሱን የሚጠብቅም አልነበረም።

ጥገናው ሰነበተ። በቦቴ ውሃ መጣ፣ መስመሩ ተቀየረ፣ በክሎሪን ታጠበ፣ ናሙናው ተመርምሮ ጥሩ ተባለ። ያን ማክሰኞ ሰላም ነሥተዋት የነበሩት ሴቶች ለሕፃኑ ገላ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ እየተሸከሙ ቤቷ አመላለሱላት። በመጨረሻው ቀን ሠራተኛው የፓምፕ ቤቷን መገጣጠሚያዎች ሊፈትሽ ገባ፤ ልጅቷ ኩባያዋን ለማጠብ በእጇ ይዛ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። ተጸጽታ ስለነበር፣ እንዲያስረዳትም ስለፈለገች፣ የኩባያዋን ነገር ነገረችው። ወጣቱ ቀና ብሎ ከመደርደሪያው በላይ ያለውን ቧንቧ አየና ፈገግ አለ።

«ይኸውና። ይኼ መገጣጠሚያ ላልቷል። መስመሩ ሲሞላ ሌሊቱን ሲያነባ ያድርና መደርደሪያው ላይ ይንጠባጠባል፤ ኩባያችሁን የሚያረጥባት እሱ ነው። መስመሩ የተሰበረ ለት ግፊቱ ጠፋ፤ ማንባቱን ተወ፤ ደረቅ ሆና አደረች። ፍንጩ ጥሩ ነበር፣ እማማ። ግን ሰው አይደለም፣ ቧንቧ ነው።» በመፍቻው አጠበቀው፤ በጨርቅ ጠረገው፤ ከእንግዲህ ጠብ አትልም አለ።

ልጅቷ እፎይ ብላ ሳቀች። እናትም አብራት ሳቀች። ደግ ልጅ ነው፣ ያለውም ልክ ይመስላል፤ መስመሩንም እሱ ነው ያዳነው። ኩባያዋ የምታድረው ተደፍታ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃ የተደፋ ኩባያ ጀርባ ያረጥባል እንጂ ውስጡን አያረጥብም።

የዚያን ዕለት ማታ ልጅቷ «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልዝጋው፤ አንቺ እረፊ» አለች። ኩባያዋን አጠበች፣ በራሷ ሻሽ አደረቀች፣ መደርደሪያው ላይ ስትደፋት ለአፍታ ቆም አለች፤ የሆነ ነገር የገባት ይመስል ወደ መገጣጠሚያው፣ ከዚያ ወደ ኩባያዋ ጀርባ አየች። ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች።

ጠዋት ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ በየበራፉ ወጥቷል፤ ልብስ ሰፊው ሳሙና ሳይቀባ፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ልጅቷ ሕፃኑን አዝላ በሩን ከፈተች። እናት ደፉ ላይ ቀረች። ልጇ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን በጣቷ ስትነካው አየች፤ ጣቷ አቧራ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ኩባያዋን አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታ ስለቆመች እናት ፊቷን ማየት አልቻለችም፤ ጣቷ ኩባያዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲዞርና ከሽርፋቱ ዘንድ ሲቆም ብቻ አየች። ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ባዶውን ማዕዘን ትኩር ብሎ እያየ ነበር።

«እንደምን አደርሽ፣ አያቴ» አለች ልጅቷ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

ኩባያዋን አስቀምጣ በእናቷ አጠገብ አለፈች፤ ወደ ደጅ ወጥታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ «ውሃው ደህና ነው!» ብላ ተጣራች። ቁልቁል፣ በየቤቱ፣ ቧንቧዎች መከፈት ጀመሩ። ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም ገና ውሃ አልቀመሱም ነበር።